ሁለት ነጥብ ስምንት

ቧንቧ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አገር ቤት ሳለሁ በአንድ የውሃ ሥራ ቢሮ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከምንጭ እስከ ማጠራቀሚያ፣ ከማጠራቀሚያ እስከ ቦኖ ያሰለፍኩትን ቧንቧ ኪሎ ሜትሩን ቆጥሬው አላውቅም። አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነበረችኝ፣ ራሴ የሠራኋት። የሚፈለገውን የውሃ መጠንና የቧንቧውን ስፋት ሲሰጧት ውሃው በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ታሰላለች፤ ከሦስት ሜትር በታች ከሆነ አረንጓዴ፣ ካለፈ ቀይ ትሆናለች። ባልደረቦቼ እየለመኑኝ ይገለብጧት ስለነበር በእሷ እኮራ ነበር። ዶሃ ስመጣም በፍላሽ ይዣት መጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ኳታር ውስጥ የቀጠረኝ ተቋራጭ የፈለገው የነዳጅ መስመር የሠራ መሐንዲስ ነበር። እኔ ደግሞ ከነዳጅ ጋር የምንተዋወቀው ማደያ ተሰልፌ ብቻ ነው። ሲቪዬ ላይ «የውሃ መስመር» የሚለውን ሁሉ «የፈሳሽ መስመር» ብዬ ቀየርኩት፤ ከአንዱ ሥር ደግሞ «ነዳጅን ጨምሮ» የምትል ነገር ጣል አደረግኩ። ውሃም ፈሳሽ ነዳጅም ፈሳሽ፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ባለቤቴ ሰላም ያኔ፣ «ዮናስ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን አይመጣብህም?» ብላኝ ነበር። «ቧንቧ ቧንቧ ነው» ብዬ ተቆጣኋት። እንዲህ ነበርኩ፤ ሰው ጥያቄ ሲያበዛብኝ ቱግ የምል ሰው ነበርኩ።

ሁለት ዓመት ያህል ማንም ስለ ነዳጅ አልጠየቀኝም። ስዕል አስተካክላለሁ፣ ዕቃ እቆጥራለሁ፣ ማታ ወደ አል አዚዚያ እመለሳለሁ። እዚያ በተከፋፈለ ቪላ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር፤ ልጃችንም ትምህርት ቤት ገብታለች። የሰላምም የልጄም ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የተሠራው በእኔ ሥራ ነው። እኔ ከሥራ ከወጣሁ ሦስታችንም ሻንጣ መሸከፍ ነው፤ ይህን ሳታውቁ የሚቀጥለውን ብታነቡ ትፈርዱብኛላችሁ። ብታውቁትም ትፈርዱብኝ ይሆናል፤ እሱ የእናንተ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ማናጀራችን ራጄሽ ጠራኝ። ሰናይያ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ሠራተኞችን በአውቶቡስ የሚያመላልስ አንድ ድርጅት አለ። የራሱ የነዳጅ ግቢ አለው። ከቦቴ ማራገፊያው ወደ ትልቁ ታንክ የሚወስደው ስምንት ኢንች ቱቦ ዝጎ ስላለቀ እንድንቀይርለት ፈልጓል። ታንኩም እስከዚያ ድረስ ቤንዚን ነበር የሚይዘው፤ አውቶቡሶቹ ስለበዙ ከእንግዲህ ናፍጣ ሊሞሉበት ነው።

«ዮናስ፣ አንተ የነዳጅ ሰው ነህ» አለኝ ራጄሽ። «የሚበቃውን ትንሹን ቱቦ ምረጥልኝ። መጋዘናችን ውስጥ ባለ አራት ኢንች ተቀምጧል፤ እሱ ከሠራልን ነገውኑ እንጀምራለን።»

የነዳጅ ሰው መባሌ ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ ሰንጠረዤን ከፈትኩ። ፓምፑ በሰዓት የሚገፋውን አስገባሁ፤ በስምንት ኢንች ነዳጁ በሰከንድ ዜሮ ነጥብ ሰባት ሜትር ይሄዳል። በአራት ኢንች ሲሆን ሁለት ነጥብ ስምንት። የቱቦው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ሁለት ነጥብ ስምንት ከሦስት በታች ነው፤ ሰንጠረዤ አረንጓዴ ሆነች። እንዲያውም ውሃ ላይ የሚያሳስበን ዝግታው ነው፤ ዝግ ሲል ደለል ይቀመጣል። ፈጠን ማለቱን ወደድኩት። ፈረምኩ።

ግቢውን ልለካ ስሄድ ነው ጋሽ ከድርን የተዋወቅኳቸው። የነዳጅ ግቢው ኃላፊ ናቸው፤ ፓምፕ የሚያስነሱት፣ ታንክ የሚለኩት፣ ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ወሎዬ ናቸው፣ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ኳታር ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ የሆናቸው። አማርኛ ስናገር ሲሰሙ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አንተ ነህ መሐንዲሱ? ሹግሉ፣ ሥራው ያንተ ነው?»

«አዎ ጋሽ ከድር፣ የኔ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! ይሄን ሁሉ ዘመን የሰው አገር መሐንዲስ ስጠይቅ፣ ስጨቃጨቅ ኖሬ! ባለፈው የመጣውንማ ግማሽ ቀን ነው በጥያቄ ያደረቅኩት። አሁን የኛ ልጅ መጣልኝ፤ ኸላስ፣ ምን እጠይቃለሁ።»

አንድ ልማድ ነበራቸው። ታንኩ ላይ የተገጠመው የኤሌክትሪክ መለኪያ አንድ ጊዜ ዋሽቷቸው ነዳጅ ፈስሶ ስለነበር ከዚያ ወዲህ አያምኑትም። ታንክ በተሞላ ቁጥር በየሩብ ሰዓቱ ደረጃውን ወጥተው፣ የታንኩን አናት ከፍተው፣ ጫፉ ላይ የናስ ክብደት ያለው የብረት ሜትር ወደ ውስጥ ይጥላሉ። «ዓይኔ ያላየውን አልጽፍም» ይላሉ። እኔም የሽማግሌ ጥንቃቄ ነው ብዬ አደነቅኳቸው። የዚያ ልማድና የኔ ቱቦ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ የማውቅበት አእምሮ አልነበረኝም።

ቱቦው ተዘረጋ፣ ተበየደ፣ ተፈተነ። የመጀመሪያው ሙሌት ለአንድ ሐሙስ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ተቀጠረ። ሐምሌ ስለነበር ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ደጅ መሥራት ክልክል ነው፤ ስለዚህ በጠዋት ተጀምሮ በጠዋት ማለቅ ነበረበት። በዋዜማው ከደንበኛው በኩል የሴፍቲ ኃላፊ የሆነው ፊሊፒናዊው ራሞን አንድ ቅጽ ላከልኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በሙሌቱ መጀመሪያ ላይ የነዳጁ ፍጥነት» ይላል። ለምን መጀመሪያ ላይ ብሎ ለይቶ እንደጠየቀ እንኳ አላሰብኩም። ሁለት ነጥብ ስምንት ብዬ ሞልቼ መለስኩለት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ገና ከአልጋ መነሳቴ ነው። ራሞን ነው።

«ሰር፣ ይቅርታ፣ በጠዋት ደወልኩ። ቅጹ ላይ ሁለት ነጥብ ስምንት ይላል። ባዶ ታንክ ሲጀመር ከአንድ ሜትር መብለጥ የለበትም እኮ። የታይፕ ስህተት ነው አይደል?»

ለምን ከአንድ መብለጥ እንደሌለበት አላውቅም ነበር። አላውቅም ብል ግን የነዳጅ ሰው አለመሆኔ ሊታወቅ ነው። ሳላስበው አፌ ቀደመኝ።

«አዎ፣ የታይፕ ስህተት ነው።»

«እኔም ብዬ ነበር። ታዲያ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ብዬ ላስተካክለው?»

«አስተካክለው።»

«ኸላስ ሰር። አሁን ግቢ እየገባን ነው፤ ስልክ እንዘጋለን።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ወረቀቱ ተስተካከለ። ቱቦው ግን ያው አራት ኢንች ነው፣ ፓምፑም ያው ፓምፕ ነው፤ ቫልቩን ቀንሱ ብሎ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነዳጁ የሚሄደው በሁለት ነጥብ ስምንት ነው።  ኮምፒውተሬን ከፍቼ ከሁለት ዓመት በፊት ማንበብ የነበረብኝን የነዳጅ ደረጃ መመሪያ ያን ጠዋት ቁሜ አነበብኩ።

በአጭሩ ላስረዳችሁ። ነዳጅ በቱቦ ውስጥ ሲፈጥን ከቱቦውና ከማጣሪያው ጋር እየታሸ ኤሌክትሪክ ይቋጥራል። ደረቅ ቀን የናይለን ሹራብ ሲያወልቁ ጣ ጣ የሚለው ብልጭታ ማለት ነው። ውሃ ይህን ችግር አያውቅም፤ የቋጠረውን ወዲያው ይለቃል። ነዳጅ ግን ይዞት ይገባል። ስለዚህ የመግቢያው አፍ በነዳጅ እስኪሸፈን ድረስ ቀስ ተብሎ ነው የሚሞላው፤ ፓምፕ ከቆመ በኋላ እንኳ ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ሰው ብረት ወደ ውስጥ መጣል የለበትም። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ የከፋው ይላል፣ ቤንዚን በነበረበት ታንክ ውስጥ ናፍጣ መሙላት ነው፤ የቤንዚኑ ትነት ውስጥ ስለሚቀር አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ታንኩ ቤንዚን ነበረበት። ጋሽ ከድር ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ የብረት ሜትር ይጥላሉ።

ለጋሽ ከድር ደወልኩ። ዝግ ነው። ለራሞን ደወልኩ። ዝግ ነው። ነዳጅ ግቢ ስልክ ይዞ አይገባም፤ ሁሉም በሩ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ለራጄሽ ደወልኩ።

«ሙሌቱን እናቁም» አልኩት።

«ምን ማለትህ ነው? የድርጅቱ አለቃ ራሱ ሊያይ እየመጣ ነው። ምን ተፈጠረ?»

«ፍጥነቱ… ስሌቱን እንደገና ማየት አለብኝ።»

«ቢሮ ና እና እናየዋለን። አሁን ማቆም የለም። ያላ፣ መኪና እየነዳሁ ነው» ብሎ ዘጋው።

ሰላም በሩ ላይ ቆማ ትሰማኝ ነበር። ፊቴን አይታ፣ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ሲቪውን ጭምር፣ የታይፕ ስህተት ያልኩትን ጭምር።

«ሄጄ ካስቆምኩ ሁሉም ነገር ይወጣል» አልኳት። «ምናልባት ምንም ላይፈጠር ይችላል። ብዙ ጊዜ ምንም አይፈጠርም። ከቆመ ግን ለምን አስቆምክ ይሉኛል። ኢቃማችን…»

«ታንኩ ላይ ማን ነው ያለው?» አለችኝ።

«ጋሽ ከድር።»

«ታዲያ እዚህ ቆመህ የምታወራኝ ለምንድን ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሂድ!»

በቱታና በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ሰዓቱ ለሁለት ሃያ ጉዳይ ነበር። ከአል አዚዚያ ሰናይያ ሩቅ አይደለም፤ በደህና ቀን ሩብ ሰዓት ነው። ያን ጠዋት ግን መንገዱን የሠራተኛ አውቶቡሶች ሞልተውታል፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተያይዘው። መስኮት ላይ ተደግፈው የሚያንቀላፉ ፊቶች እያየሁ መሪውን በቡጢ እመታለሁ። ጥሩምባ ነፋሁ፣ ተሳደብኩ፣ ጸለይኩ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ነው፣ አልዋሽም። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ቢዘገይብኝስ፣ ደርሼ ሳየው ሁሉም ነገር በሰላም ቢያልቅስ፣ ማንም ሳያውቅ ወደ ቤቴ ብመለስስ? ይህን ያሰብኩበትን ቦታ፣ አንድ የጎማ መሸጫ ፊት ለፊት፣ ዛሬም ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

በሩ ላይ ስደርስ ከሁለት ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ አልፏል። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ፈቃድ? የሴፍቲ ጫማ?»

«ፓምፑ ተነስቷል?»

«አዎ፣ ተጀምሯል። አንተ ግን እንዲህ ሆነህ አትገባም።»

ስልኬን ደረቱ ላይ ወርውሬለት ሮጥኩ። ከኋላዬ በፉጨት ይከተለኛል። ነጠላ ጫማዬ አንዱ ቀረ፤ አስፋልቱ ጠዋትም ቢሆን ይጠብሳል። ታንኩን አየሁት። ጋሽ ከድር ደረጃውን ጨርሰው አናቱ ላይ ናቸው፣ ጎንበስ ብለው መክፈቻውን ያላላሉ። ሜትሩ በግራ እጃቸው ተንጠልጥሏል፤ የናሱ ጫፍ በፀሐይ ያብለጨልጫል። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓታቸው ደርሶ ነበር።

ጮህኩ። ፓምፑ ድምፄን ዋጠው። ወደ እሳቸው ልሩጥ ወይስ ወደ ፓምፑ? ፓምፑ ይቀርበኝ ነበር። ቀዩን ቁልፍ በመዳፌ መታሁት።

ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ አሁንም በሕልሜ ይመጣል፤ የገላገልኳቸው መስሎኝ የነበረው ለአንድ አፍታ ነው። ጋሽ ከድር ቀና ብለው ወደ ፓምፑ አዩ።

«ማነው ያጠፋው? ዮናስ? ምን ሆንክ?» አሉ ከላይ። «በል፣ ከቆመም ጥሩ፣ በጸጥታው ልለካው» ብለው ተመልሰው ጎንበስ አሉ።

ለእሳቸው፣ ለሃያ ዓመት ሙሉ፣ የቆመ ፓምፕ ማለት የሰከነ ታንክ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ገና ነዳጁ ውስጥ ነው። ይህን እንዴት ብዬ፣ በስንት ቃል ላስረዳቸው?

«አይክፈቱት ጋሽ ከድር! አይንኩት!»

«ቆሟል እኮ!»

«መቆሙ አይደለም! በአላህ ይዤዎታለሁ! እጅዎን ያንሱ! ሜትሩን እንዳይጥሉት!»

ቀጥ ብለው ቆሙ። በአላህ ሲያዙ እምቢ የማይሉ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ባይገባቸውም አልነኩትም። ሜትሩን ቀስ ብለው ወደ መያዣው ጠቀለሉት፣ መደገፊያውን ብረት በአንድ እጃቸው እየያዙ ደረጃ በደረጃ ወረዱ። አርባ ምናምን ደረጃ ነው። እያንዳንዷን ቆጠርኩ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እግራቸው መሬት ሲነካ ሰማሁና እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ራሞን እየሮጠ መጣ።

«ሰር፣ የናይለን ልብስ ነው የለበስከው!» አለኝ መጀመሪያ። ለካ እኔ ራሴ ብልጭታ ተሸክሜ ነበር የገባሁት።

እስካሁን የነገርኳችሁ ከባዱ ክፍል ይመስላል። አይደለም። ከባዱ የመጣው ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ራጄሽና የድርጅቱ አለቃ ሲደርሱ ነው።

ሁላችንም ከመጠለያው ሥር ቆምን። ራሞን ቅጹን አወጣ። «ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ይላል። መሐንዲሱ ጠዋት በስልክ አረጋግጦልኛል። አሁን ግን ቆጣሪው ላይ ሳየው የነዳጁ ፍጥነት የሱን ሦስት እጥፍ ነበር» አለ።

የድርጅቱ አለቃ ፊቱ ጠቆረ። «ቫልቩን ማነው የከፈተው?»

ራሞን ወደ ጋሽ ከድር አየ። ራጄሽም አየ። ራጄሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሚሰጥም ሰው ያገኘውን እንደሚይዝ ይችን ሰበብ ያዛት። በእንግሊዝኛ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ «እንግዲህ ግልጽ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ቫልቩ መቀነስ ነበረበት፣ ኦፕሬተሩ ሙሉ ከፈተው። መሐንዲሳችን ይህን አውቆ ነው ሮጦ መጥቶ ያስቆመው። አይደለም እንዴ ዮናስ?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዎ ብል ጀግና ነኝ። በባዶ እግሩ ሮጦ ሰው ያዳነ መሐንዲስ። ሥራዬም ኢቃማዬም አይነካም፤ አንድ ሽማግሌ ይባረራሉ እንጂ። ጋሽ ከድር እንግሊዝኛው ስለፈጠነባቸው እጅጌዬን ሳብ አደረጉኝ።

«ምን እያሉ ነው ልጄ? አስረዳኝ እንጂ።»

ያ «አስረዳኝ» ነው የያዘኝ። በእንግሊዝኛ ብዋሽ ምናልባት እችል ነበር፤ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ዋሽቻለሁ። ዓይናቸውን እያየሁ፣ በአማርኛ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለት ግን አቃተኝ።

«ቫልቩን እርስዎ አበላሹ እያሉ ነው ጋሽ ከድር» አልኩ። «ውሸት ነው። እርስዎ ሁልጊዜ እንደሚከፍቱት ነው የከፈቱት። ቱቦውን ያጠበብኩት እኔ ነኝ። በውሃ ሂሳብ ነው ያሰላሁት። ነዳጅ ሠርቼ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት የተጠየቅኩትን ቁጥርም ስህተት ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሜትሩን ጥለውት ቢሆን ኖሮ ሊቃጠሉ ይችሉ ነበር።»

ከዚያ ዞሬ ያንኑ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ራጄሽ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። የድርጅቱ አለቃ ወደ መኪናው ሄደ።

 ጋሽ ከድር ሜትራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጡት።

«በእርግጥ ይቃጠል ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም። ላይሆንም ይችል ነበር። ሊሆንም ይችል ነበር።»

«አላውቅም» ብለው ደገሙት። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ሌላ ሰው ቢሆን እጠይቀው ነበር» አሉ። «ቱቦው ሲጠብ ዓይኔ አይቶታል። ምነው ጠበበ ብዬ ግማሽ ቀን አደርቀው ነበር። አንተን ያልጠየቅኩህ የኛ ልጅ ብዬ ነው።»

ይህን ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ድርጅታችን ወዲያው አላባረረኝም። ቱቦው ወደ ስምንት ኢንች እስኪመለስ ድረስ እንድቆይ፣ ስሌቱን ግን ሌላ መሐንዲስ እንዲሠራው ተወሰነ። እኔ የሱን ስዕል ስገለብጥ ከረምኩ። ሌሊት ሌሊት ያን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ለምን ፓምፑ ከሚስብበት በኩል ሰፊ ቱቦ እንደሚያስፈልግ፣ ቫልቭ በድንገት ሲዘጋ የሚሮጠው ነዳጅ ቱቦውን እንዴት እንደሚያናውጠው፣ ለምን «ትንሹ የሚበቃው» የሚባል ነገር በነዳጅ ቤት አደገኛ ጥያቄ እንደሆነ። ሰላም ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። አልተነጫነጨችም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ሁለተኛው የመጀመሪያ ሙሌት ሆነ። አዲሱ መሐንዲስ መጥቷል፣ ራሞን አለ። እኔ ከዳር ቆሜያለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ውሌ አይታደስም። ጋሽ ከድር ከዚያ ጠዋት ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልሰጡኝም ነበር። ያን ዕለት ግን ፓምፑን ከማስነሳታቸው በፊት ወደ እኔ መጡ።

«ስንት ነው?» አሉ።

«ዜሮ ነጥብ ሰባት።»

«ለምን?»

አስረዳሁ። ማጣሪያውስ አሉኝ። አስረዳሁ። የቤንዚኑ ትነትስ? በአየር ተጠርጓል፣ ራሞን በመሣሪያ ለክቶታል አልኳቸው። ከቆመ በኋላ ስንት ደቂቃ? ሠላሳ። ለምን ሠላሳ፣ ለምን ሃያ አይሆንም? ፀሐዩ እያቃጠለን ግማሽ ሰዓት ጠየቁኝ፤ እኔም፣ ያ ጥያቄ ሲበዛበት ቱግ የሚለው ሰውዬ፣ አንዱንም ሳልዘል መለስኩ። የማላውቃት አንዲት ነገር ነበረች፤ «ይህችን አላውቅም፣ እሱን ይጠይቁት» ብዬ አዲሱን መሐንዲስ አሳየኋቸው። ሄደው ጠየቁት።

ፓምፑ ሠራ፣ ቆመ። ሠላሳው ደቂቃ አለፈ። ጋሽ ከድር ሜትሩን ይዘው ደረጃው ሥር ደረሱና ቆሙ። ወደ እኔ ዞረው ሜትሩን ዘረጉልኝ።

«ቅደም» አሉኝ።

 ራሞን ልብሴን አየ፤ የጥጥ ነው። ጫማዬን አየ። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ወጣሁ። መደገፊያው ብረት ያቃጥል ነበር። ከላይ ሆኜ ሰናይያን ሁሉ አየሁ፤ ጋራዡን፣ መጋዘኑን፣ የሠራተኛ መኖሪያዎቹን ጣራ፣ የቆሙትን አውቶቡሶች። ስሌቱ ትክክል መሆኑን አውቃለሁ። ሠላሳ ደቂቃ ማለፉን አውቃለሁ። ሁሉንም እያወቅኩ መክፈቻውን ይዤ ስሌቱን በልቤ እንደገና ሠራሁት። ጋሽ ከድር ያን ጠዋት እንዲህ ሳያመነቱ ነበር የወጡት፤ በኔ ፊርማ ላይ፣ ምንም ሳይጠይቁ።

አንባቢዬ፣ አሁን በሌላ ድርጅት ስዕል አስተካካይ ነኝ፤ ሲቪዬ ላይ «ውሃ» የሚለው ቃል ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ሻንጣውም ተፈትቷል። ታሪኩን ለባልንጀሮቼ ስነግራቸው፣ «እግዚአብሔር አተረፈህ፣ ምንም አልተፈጠረም እኮ» ይሉኛል። እኔ ግን የሰው ሕይወት የሚያርፍበት ቁጥር ጽፌ፣ ራሴ አንድ ቀን እንኳ ሳልቆምበት ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነበር። ሐኪም ሁኑ፣ ሾፌር ሁኑ፣ ግንበኛ ሁኑ፣ እናንተም እንዲህ ያለ ቁጥር አንድ ቦታ ሳትጽፉ አትቀሩም። የአገራችሁ ሰው አምኖ ዝም ሲላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ጠይቀኝ በሉት።

ያን ዕለት ታንኩ አናት ላይ፣ መክፈቻውን ከፈትኩት። ሜትሩን ለቀቅኩት፤ ናሱ ነዳጁን ነካ፣ ምንም አልሆነም። አነበብኩና ቁጥሩን ወደ ታች ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጋሽ ከድር አልጻፉትም።

«ውረድ» አሉ፤ ስወርድ ሜትሩን ከእጄ ተቀብለው፣ እኔ የለካሁትን እንደገና ሊለኩ ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።